የጠራው ቦይ

ሳርሙጂ ጭቃ የሚጠላ ዓሣ አርቢ ነበር። እንጀራው ከጭቃ የሚወጣ ሰው ጭቃን ሲጸየፍ ማየት ያስቃልና የካራንግሴላ ሰዎች ይስቁበት ነበር። በጃቫ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ በየቀኑ ወደ መሬቱ ገብቶ በሚወጣበት በዚያ መንደር፣ ኩሬ ማለት ጭቃ ማለት ነው፤ ግድቡ ጭቃ ነው፣ ወለሉ ጭቃ ነው፣ ባንዴንግ የሚባለው ብርማ ዓሣ የሚግጠው አረንጓዴ ነገር እንኳ የሚበቅለው ጭቃ ላይ ነው። ሳርሙጂ ግን የኩሬውን ግድብ በየማለዳው በዘንባባ መጥረጊያ ይጠርጋል። ውሃው ላይ አንዲት ቅጠል ወድቃ ካየ እስኪያወጣት ድረስ ምግብ አይወርድለትም።

«የሳርሙጂን ዓሣ ገዝታችሁ እንዳታጥቡት» ይላል ጎረቤቱ ዋኪዲን፣ ገበያ ላይ ሰው በተሰበሰበበት። «ሲዋኝ ሳሙና ይዞ ነው።»

ሳርሙጂ አይቆጣም፤ ፌዙን እንደ ሙገሳ ይወስደዋል። አባቱ የሰው ኩሬ እየቆፈረ ያሳደገው ሰው ነው። ትምህርት ቤት የከተማው ልጆች «ጭቃው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ያ ስም ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቢቀርም ከልቡ አልወጣም። በልጅነት የወጣ ስም የሰውን ጠባይ ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ጥፋቱን አይሽርለትም። ንጽሕና መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን መታየትን ሲፈልግ ከትዕቢት የሚለየው መጥረጊያ በመያዙ ብቻ ነው።

ከባሕር የሚመጣው ቦይ አስቀድሞ የሚያልፈው አንድ የከተማ ሰው ሽሪምፕ በሚያረባባቸው ሰፋፊ ኩሬዎች በኩል ነው። የእነሱ እጣቢ የሚለቀቀው እዚያው ቦይ ውስጥ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ያንኑ መልሶ ወደ መንደሩ ይገፋዋል። ቦዩ መንደሩ አጠገብ ሲደርስ ይሰፋና ረግረግ ይሠራል። ከረግረጉ ቀጥሎ የሳርሙጂ ኩሬ፣ ከእሱ ጋር ግድብ ለግድብ ተጋጥሞ ደግሞ የታላቅ እህቱ የቱሪና ኩሬ አለ። ረግረጉን የሞላው ማንግሮቭ ነበር፤ መንደርተኛው ባካው ይለዋል። ሥሮቹ እንደ ሸረሪት እግር ከግንዱ ወርደው ጭቃው ውስጥ የተተከሉ፣ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ፣ ሰው እንኳ በመካከላቸው የማያልፍ ዛፎች ናቸው። የተከላቸው የቱሪና ባል ታስራን ነው። ተክሎ፣ ጠብቆ፣ ከቁመቱ ሲያልፉ አይቶ ሞተ።

ቱሪና መበለት ከሆነች ወዲህ ሁለት ነገር ይጎትታታል። ልጆቿ ምዕራብ ባለው የፋብሪካ ከተማ ከእኛ ጋር ኑሪ ይሏታል፤ የሽሪምፑ ባለቤትም ኩሬሽን ልቀቂልኝ እያለ ሰው ይልክባታል። እሷ ለሁለቱም የምትሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ይህን ዓሣ ላውጣ። ካማረልኝ እዚሁ ባሌ መቃብር አጠገብ እኖራለሁ፤ ካላማረልኝ እሄዳለሁ።» ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳርሙጂም ያውቃል።

በየዓመቱ ከሩዝ አጨዳ በኋላ መንደሩ ይጸዳል። የውሃ ጉድጓዱ ተቀድቶ ይደርቃል፣ መቃብሩ ይታረማል፣ መንገዱ ይጠረጋል፤ ከዚያ እንደ ሾጣጣ ተራራ የተከመረ ሩዝ በጋራ ተበልቶ የጥላ አሻንጉሊት ጨዋታ ይታያል። የዓመቱ አጽጂ የሚባል አንድ ሰው ይመረጣል፤ እሱ «እዚህ ይጸዳል» ብሎ የቦታውን ስም ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ ማንም አይከራከርም። ከተጠራ ወዲያ መከራከር መዓት መጥራት ነው። በዚያ ዓመት የተመረጠው ሳርሙጂ ነበር፤ ከእሱ የተሻለ ማን ይመረጣል?

«ዘንድሮ ረግረጉንም እናጸዳለን» አለ በስብሰባው ላይ። «ፌስታሉ እዚያ ነው፣ እባቡ እዚያ ነው፣ ትንኙ እዚያ ነው። የወረዳው ኃላፊ ጨዋታውን ሊያይ ሲመጣ ያንን ነው የምናሳየው?»

«ኃላፊው ሩዙን ነው የሚያየው» አለ ዋኪዲን። «አምናም ከሩዙ ቀና አላለም።»

ቱሪና ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «ባካውን ተወው፣ ሙጂ።»

«ለምን፣ ዩ?» አላት። ታላቁ ናትና ዩ ይላታል።

«ታስራን ምን ይል እንደነበር ረሳኸው? ከባሕር የሚመጣ ውሃ መንገደኛ ነው፤ ደጅ ላይ አረፍ ብሎ፣ እግሩን ታጥቦ ይግባ ይል ነበር። እኔ ሌላ አላውቅም። ውሃው ባካው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሌላ ነው።»

«ታስራን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጭቃውን መዛቅ ሲታክተው ዛፍ ተከለበት። ያ ነው ነገሩ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ቱሪና አልሳቀችም፤ አልተቀመጠችምም።

«ዩ፣ ዛፍ አይደለም እንዴ?» አለ ሳርሙጂ ለዘብ ብሎ። «ቢቆረጥ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል።»

«ባካው ያቆጠቁጣል ብሎ የነገረህ ማነው?»

የነገረው ማንም አልነበረም። ይህንንም በዚያች ቅጽበት አውቋል። ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ አላውቅም ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ትንሽ ነው፤ ሳርሙጂ ግን ያንን ትንሹን አጣ። ቀና ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ረግረጉ ይጸዳል፣ ረግረጉ ይጸዳል፣ ረግረጉ ይጸዳል» አለ። የመንደሩን ልማድ አንስቶ የእህቱን አፍ ከደነበት። ቱሪና ነጠላ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ተቀመጠች።

ዛፎቹ በገጀራ ወደቁ። ከውሃው መሄጃ ላይ ሥሩ ተነቅሎ፣ ጭቃው በዶማ ተዝቆ ወጣ። በአንደኛው ጥግ ብቻ፣ ሩዙ ቀረበ ስለ ተባለ፣ ጉቶና ሥሩ እንዳለ ቀረ። በማግሥቱ ሳርሙጂ የቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ ሲመለከት ውሃው ቀጥ ብሎ፣ አብረቅርቆ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ታየው። ኃላፊውም መጥቶ አየና «እንደ ፎቶግራፍ ነው» አለ። ሳርሙጂ ይህን ቃል ለሚስቱ ነገራት፣ ለዋኪዲን ነገረው፣ ለማይጠይቁትም ሰዎች ሁሉ ነገራቸው።

የእሱ ኩሬ በዚያ ሰሞን ባዶ ነበር። ዓሣው ተሽጦ ካለቀ በኋላ የኩሬው ወለል እስኪሰነጣጠቅ ለፀሐይ ይሰጣል፤ የሁሉም ልማድ ነው። የቱሪና ኩሬ ግን ሙሉ ነበር። ዓሦቿ ክንድ አክለው ሊያዙ ደርሰዋል፤ እሷም ትልቁ የባሕር ሙላት መጥቶ ውሃውን እስኪያድስላት ትጠብቅ ነበር። ሙላቱ መጣ። እንደ ወትሮው የውሃ በሩን ሳንቃ አንስታ አስገባች፤ እንደ ወትሮው መልሳ ዘጋች።

ጎህ ሲቀድ ሳርሙጂ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ግድቡ ሲወጣ የዝናብ ድምፅ ሰማ። ቀና አለ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከእህቱ ኩሬ ነበር። ተጠግቶ ሲያይ ክው አለ። ዓሦቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ኩሬው በሙሉ አፍ ሆኗል። ያ ሁሉ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው እንደ ዝናብ የሚሰማው። ውሃው ላይ ግራጫ አረፋ ተኝቷል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ቱሪና በወዲያኛው ጫፍ እስከ ደረቷ ገብታ፣ ውሃው አየር ይይዝ እንደሆነ ብላ በሁለት እጇ ትመታዋለች።

መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። ከኋላው ባሕሩ ዳግም እየሞላ ነበር። ቦዩ አጠገቡ አለ፤ ራሱ ያጸዳው፣ ቀጥ ያለው፣ የሚያብረቀርቀው ቦይ። ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋቸዋል ብሎ አሰበ። ወደ ውሃው በር ሮጠ።

«አትክፈት» ስትል ሰማት። «ሙጂ፣ እንዳትከፍት።»

ሰምቷታል። ይህ መደባበስ የለበትም፤ ጆሮው ደኅና ነበር፣ ነፋስም አልነበረም። የደነገጠች ሴት የምትለውን አታውቅም ብሎ ነው የከፈተው። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ መዞ ወረወራቸው፤ የቦዩ ውሃ እየተንደረደረ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ደስ አለው፤ ያዳናቸው መሰለው። ከዚያ ውሃው በገባበት በኩል ያሉት አፎች መከፈት አቆሙ። ዓሦቹ ጎናቸውን ሰጡ፣ ተገለበጡ፣ ነጭ ሆዳቸውን ለሰማይ አሳዩ። ነጩ ነገር ከበሩ ተነሥቶ፣ መግነዝ እንደሚነጠፍ፣ ወደ እህቱ ተዘረጋ። ዝናቡ ቆመ። ከዝናቡ ይልቅ ያስደነገጠው ዝምታው ነው።

ቱሪና መምታቷን ተወች። በሞቱት ዓሦች መካከል ቆማ አየችው። እሱ የሚገባበት ጠፍቶት ከወረወራቸው ሳንቃዎች አንዱን አንስቶ ታቅፎ ቆመ።

መንደሩ መጥቶ ሬሳውን በቅርጫት አወጣ። ሸትቷልና የሚበላው አልነበረም፤ ጉድጓድ ተቆፈረለት። ዋኪዲን በልማዱ፣ «ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ያጠፋሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ኩሉን ግን ገና ዛሬ አየሁት» አለ። ማንም አልሳቀም። ዋኪዲን ራሱ ከአፉ ስለ ወጣው ነገር ደንግጦ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ።

ሳርሙጂ በዚያው እግሩ ወደ ሽሪምፑ ኩሬዎች ሄደ። ደሙ ፈልቶ ነበር፤ ጥፋተኛ ያገኘ ሰው ደሙ ሲፈላ ይቀልለዋል። ዘበኛው ከጥላው ሥር ተነሥቶ ተቀበለው።

«መርዝ ለቃችኋል» አለው ሳርሙጂ።

«ኧረ ፓክ፣ ምን ዓይነት መርዝ?» አለ ዘበኛው፤ ፓክ ለትልቅ ሰው የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው። « ሽሪምፕ ሲያዝ እጣቢው ይለቀቃል። አምናም ተለቋል፣ ካቻምናም ተለቋል። እዚህ ስቀጠርም ሲለቀቅ ነው የደረስኩት።»

«አምና ዓሣ አልሞተም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፓክ። እኛ ጋ የተለወጠ ነገር የለም» አለ ዘበኛው፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። «እናንተ ጋ ምን ተለወጠ?»

እጣቢ የሚለቅ ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ያ ሌላ ፍርድ ነው፣ ገና የሚፈረድም ነው። ነገር ግን ሳርሙጂ ለጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱም እንደ ፎቶግራፍ ነበር።

ሲመለስ በረግረጉ በኩል ሄደ። ሩዝ ስለ ቀረበ ሳይጸዳ ወደ ቀረው ጥግ ወረደ። ጉቶዎቹ ግራጫ ሆነዋል፤ አንድም ቀንበጥ የለባቸውም፤ በጥፍሩ ሲፍቃቸው ከልጣጩ ሥር ደረቅ ነበር። እግሩን በሥሮቹ መካከል ሲያስገባ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ወጥቶ እግሩን አየው። የያዘው የመንደሩ ጭቃ አልነበረም፤ ጥቁር፣ ቅባት ያለው፣ ዓመት በዓመት ላይ የተነባበረ የሽሪምፕ እጣቢ ነው። ሥሮቹ መንገደኛውን አስቁመው፣ እግሩን አጥበው፣ እድፉን ይዘው ኖረዋል። እሱ ቆሻሻ ብሎ የጠራው ያንን የተያዘውን እድፍ ነው። ጠራጊውን ከቆሻሻው ጋር አብሮ ጠረገው። እዚያው ጉቶ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ሳይታጠብ፣ ፀሐዩ አናቱ ላይ እስኪደርስ ተቀመጠ።

ቱሪና ቤቱ የመጣችው ልጆቿ ሊወስዷት እንደሚመጡ ከተነገረ በኋላ ነው። ሚስቱ ሻይ አቀረበችላትና ወደ ጓዳ ገባች። ሳርሙጂ ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢመጣ ይቀለው ነበር፤ የተሰደበ ሰው ቢያንስ የሚቆጣበት ያገኛል።

«ዩ፣ ቦዩ ላይ ባካው መልሼ እተክላለሁ» አለ ቀድሟት።

«ቦዩ ላይ አይቆምልህም። ጭቃውን ዝቃችሁ አውጥታችሁታል፤ ውሃው እየሮጠ ነው። ችግኝ ብታስገባ ይዞት ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሻይዋን ቀመሰች። «ኩሬህን ስጠኝ።»

ጆሮውን ማመን አቃተው። «የቱን ኩሬ?»

«ስንት ኩሬ አለህ? ያንን ነዋ። አሁን ባዶ ነው፤ ከእኔም በፊት ነው ያለው። ከቦዩ የሚገባው ውሃ አንተ ዘንድ ይረፍ፤ ጭቃውን አንተ ዘንድ ይጣል። ባካውን ወለሉ ላይ እንትከለው፤ እዚያ ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ ይይዛል። ከዚያ ግድቡን ቀደን ወደ እኔ እናሳልፈው። ዛፉ እስኪያድግ እድፉ በመቀመጥም ቢሆን ይጠልላል።»

«የሽሪምፕ እጣቢ ማጠራቀሚያ ልታደርጊው ነው?»

«አዎ።»

«የእኔን ኩሬ?»

«የአንተን ኩሬ። ባዶ ሆኖ እንኳ ስንጥቁን የምትጠርገውን።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ይህን ከሰጠኸኝ የምንተክለውን ዘር ባካው ካለበት ሌላ ዳርቻ እለቅማለሁ፤ ካልሰጠኸኝ ቅር አልሰኝም፣ ከልጆቼ ጋር እሄዳለሁ፣ ኩሬዬንም ሰውየው ለሽሪምፕ ይወስደዋል። ያኔ እጣቢው ግድብህ ሥር ነው የሚለቀቀው። አስበህ ንገረኝ።»

«ዓሣዬንስ የት ላርባ?»

«ግማሹን በእኔ ውስጥ። ስፋቱ ለሁለታችን ይበቃል። በአንድ ኩሬ ከእኔ ጋር መሥራት ካልከበደህ።»

ከብዶታል። ይህን መካድ አይገባም። ከሄደች በኋላ ወደ ኩሬው ወጥቶ ግድቡ ላይ ተቀመጠ፤ የእህቱን ኪሳራ ሳይሆን የገዛ ወለሉን ጥራት አየ፤ ሰዎች ሲያልፉ ምን እንደሚሉም አሰበ። ጭቃው የሚለው ስም ደግሞ መጣበት። አንድ ሰው ብዙ ዓሣ ገድሎም ስለ ስሙ ማሰብ መቻሉ ራሱን ሳርሙጂን አስደነገጠው፤ ምናልባት ያን ሰሞን ከደረሰበት ድንጋጤ ሁሉ የጠቀመው ይህ አንዱ ነው።

ዶማውን ያነሣው በማግሥቱ፣ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ በሚያልፍበት ሰዓት ነው። በቦዩ በኩል ያለውን ግድብ ቆርጦ ቀደደው። ጥቁሩ ውሃ ተንፏቆ ገባና የተጠረገውን ወለል እየላሰ ሸፈነው። ዋኪዲን ብስክሌቱን አቁሞ አየ።

«ፓክ ሳርሙጂ፣ ዓሣዎቹ ሳሙናቸውን ጨረሱ እንዴ?»

«ጨረሱ» አለ ሳርሙጂ። «ውረድና አግዘኝ።»

ዋኪዲን ብስክሌቱን አጋደመ። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ።

ውሃው ረግቶ ጎድሎ ወለሉ ሲለሰልስ፣ ቱሪና እንደ ሻማ የረዘሙትን የባካው ዘሮች በቅርጫት ተሸክማ መጣች። ሳርሙጂ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተከለ። ረድፉን በገመድ ሊያስተካክል ሲሞክር፣ «ለሰልፍ ነው እንዴ የምታቆማቸው? አጠጋጋ፣ አጠላልፍ» አለችው። አጠላለፈ። ጭቃው ያስጠላው ነበር፤ ጠረኑ ያቅለሸልሸው ነበር፤ ይሁን እንጂ አልወጣም። ለዚህ ሊመሰገን አይገባውም። ያፈረሰውን ገና መጠገን መጀመሩ ነበር፤ ዛፎቹ የታስራንን ዛፎች እስኪያህሉ ድረስ ስንት ሙላት መጥቶ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

ባሕሩ በቀጣዩ ጊዜ ሲሞላ ውሃውን እሱ ዘንድ አሳደሩት። አረፋው እየሳሳ፣ ጥቁሩ ወደ ወለሉ እየወረደ ሄደ። ቱሪና በሁለቱ ኩሬዎች መካከል ባለው ግድብ ላይ፣ ቀደው ባበጁት አዲስ የውሃ በር አጠገብ ተንበርክካ ውሃውን በመዳፏ ዘገነች፤ አሸተተችው፤ በምላሷ ነካችው። ሳርሙጂ ፊቷን ያይ ነበር። ሳንቃ ለመምዘዝ እጁን አልዘረጋም።

«ጥቂት አስገባ» አለችው።

አንዲት ሳንቃ አነሣ። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ወረደ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጭቃውን ከጉልበቷ ላይ ጠርጋ ተነሣች።

«የዓሣ ጫጩት የሚያመጣውን ሰውዬ ጥራልኝ» አለች። «ለልጆቹም ደውልላቸው። አይምጡ።»